ጀርባቸውን የሚያዋሱት ሰው

ስፖርት አልወድም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ወደ በኋላ ስጮህ፣ ስዘልና ወንበር ስገለብጥ ብታገኙኝ እንዳትታዘቡኝ ነው። የሒሳብ መምህርት ነኝ። የምወደው ትክክለኛ ነገር ነው፤ አምስት ሲባል አምስት፣ አምስት ተኩል ሲባል አምስት ተኩል። ሆኖም ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የትምህርት ቤታችን የትግል ቡድን ሰዓት ያዥ ሆኜ ኖሬአለሁ፤ ለዚህም ተጠያቂው አንድ ሰው ብቻ ነው።

እኚህ ሰው የትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ናቸው። ጠዋት ጠዋት መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ሰክተው "እሽሽ!" ሲሉ ይውላሉ፤ ዝንብ እንኳ ጮክ ብላ ብትበር ይቆጣሉ። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሲሆን ግን ሌላ ሰው ይወጣቸዋል። ክርናቸው ላይ የተጣፈችውን ቱታ ይለብሳሉ፣ ፊሽካቸውን አንገታቸው ላይ ያጠልቃሉ፣ ከዚያ ወዲያ ድምፃቸው ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ይሰማል። ተማሪው ሁሉ "ጋሼ" ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው።

እኔን ያጠመዱኝ በተቀጠርኩ በሁለተኛው ሳምንት ነው። በምግብ አዳራሹ በኩል ሳልፍ አንድ ልጅ ሰዓት ይዞ ሲቆጥር ሰማሁና "ሦስት ሰከንድ አጎደልክ" አልኩት። ምላሴን በቆረጠው! ጋሼ ከወለሉ ላይ ቀና ብለው አዩኝ።

"ማነሽ አንቺ?"

"አዲሷ የሒሳብ መምህርት ነኝ።"

"ከዛሬ ጀምሮ ሰከንዴ ነሽ" አሉና የሰዓቱን ማሰሪያ አንገቴ ላይ አጠለቁልኝ። ይኸው እስከ ዛሬ አላወለቅኩትም።

ጂምናዚየም የሚባል ነገር የለንም። የምንለማመደው ምግብ አዳራሹ ውስጥ ነው። ምሳ ሲያበቃ ጠረጴዛዎቹ ወደ ግድግዳ ይገፋሉ፣ ወለሉ ይወለወላል፣ ከዚያ የትግሉ ፍራሽ በስድስት ቁራጭ ተከፍሎ ከተቀመጠበት ከመጻሕፍት መደርደሪያዎቹ ጀርባ ይወጣል። ስድስቱም ቁራጮች በመጽሐፍ መጠረዣ ክር የተሰፉ ናቸው። ፍራሹ በተቀደደ ቁጥር ጋሼ ወፍራም መርፌያቸውን ይዘው ይንበረከኩና ልክ እንደ መዝገበ ቃላት ጀርባ ይሰፉታል። አንደኛው ጥግ ላይ ያለው አረንጓዴ እራፊ የቤተ መጻሕፍቱ መጋረጃ ነበር። ዳይሬክተሩ መጋረጃው የት እንደገባ እስከ ዛሬ ይጠይቃሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በሌላ ቦታ አዲስ ልጅ ትግል ሊማር ሲመጣ መጀመሪያ የሚያስተምሩት አወዳደቅ ነው። እኛ ጋ የመጀመሪያ ቀን ማንም አይወድቅም። የሚወድቁት ጋሼ ናቸው! አንድ አያያዝ ብቻ ያሳዩታል፤ ዝቅ ብሎ እግር መጠምጠም፣ ትከሻን ሆድ ላይ አስደግፎ መግፋት። ከዚያ መሃል ላይ ይቆሙና "በል ጣለኝ" ይላሉ። አስመስለው አይወድቁም። ልጁ በትክክል እስኪይዛቸው ድረስ እንደ ምሰሶ ይቆማሉ፤ አንዳንዱን አንድ ሰዓት ይፈጅበታል። በትክክል የያዛቸው ጊዜ ግን ዷ! ሁለቱም ትከሻቸው ፍራሹን ይነካል፣ እኔ መሸነፋቸውን ለማጽደቅ ወለሉን በመዳፌ እመታለሁ፣ ልጁም አፉን ከፍቶ ይቀራል። በሕይወቱ ትልቅ ሰው ጥሎ አያውቅማ!

ምክንያቱን አንዴ ነግረውኛል። ልጅ ሳሉ ትግል ሊማሩ የሄዱ ቀን አሰልጣኙ እየሳቀ አሥራ አንድ ጊዜ አስጥሏቸው ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ ተመልሰው አልሄዱም።

"ያንን አንድ ዓመት ማን ይመልስልኛል?" አሉኝ። "መሸነፉን የትም ያገኙታል ሰከንዴ። እኔ ጋ መጀመሪያ ያሸንፉ።"

የጣላቸውን ልጅ ሁሉ ደግሞ ይመዘግባሉ። መዝገቡ ሌላ ሳይሆን የቤተ መጻሕፍቱ አሮጌ የውሰት መዝገብ ነው። ተራ ቁጥር፣ ስም፣ የተዋሰው፣ የተዋሰበት ቀን፣ የመለሰበት ቀን የሚሉ ዓምዶች አሉት። "የተዋሰው" በሚለው ሥር ከላይ እስከ ታች "ጀርባዬን"፣ "ጀርባዬን"፣ "ጀርባዬን" ተብሎ ተጽፏል። "የመለሰበት ቀን" የሚሞላው ልጁ በውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ ያሸነፈ ዕለት ነው። ባዶ የቀሩ ብዙ ናቸው። ሳሾፍባቸው "ይመልሳል፣ ምን ያስቸኩልሻል?" ይላሉ። አንዱ ትምህርቱን ከጨረሰ ከአሥር ዓመት በኋላ በጎልማሶች ውድድር አሸንፎ ደውሎላቸው፣ ስልኩን በትከሻቸው ይዘው እየጻፉ ሲያለቅሱ በዓይኔ አይቻለሁ።

በሠላሳ አንድ ዓመት አራት መቶ አሥራ አንድ ልጅ ጥሏቸዋል። ግራ ጆሯቸው የተጨማደደ ቆዳ ሆኗል፤ ቀኝ ጉልበታቸው ደረጃ ሲወጡ ይንቋቋል። ባለቤታቸው ነርስ ናቸው፤ "የሰው ባል ሥራ ውሎ ይመጣል፣ የኔ ወድቆ ይመጣል" እያሉ ቅባት ያሹላቸዋል።

እንግዲህ ይህ ዓመት የመጨረሻቸው ነበር። ጡረታ! በዚያ ላይ የአካባቢው ትምህርት ቤቶች የትግል ማኅበር ደብዳቤ ጻፈልን። በውድድሩ ሰባት የክብደት ምድብ አለ፤ ሁለት ዓመት በተከታታይ ከስድስት ምድብ በታች ያሰለፈ ትምህርት ቤት ከማኅበሩ ይሰረዛል። ዓምና አምስት ነበርን። ዘንድሮም ስድስት ካልሞላን ጋሼ የሠሩት ሁሉ አብሯቸው ጡረታ ይወጣል ማለት ነው። የኬሚስትሪው መምህር፣ በመዝገቡ ተራ ቁጥር ሁለት መቶ ዘጠኝ፣ ቡድኑን ሊረከብ ተዘጋጅቷል፤ ግን የተሰረዘ ቡድን ምን ብሎ ይረከባል?

እግዜር ይስጣቸውና ልጆቹ ስድስት ሆኑ። ሽቦ፣ ከሁሉም ቀጭኑ፣ አርባ ስምንት ኪሎ። ቁርስ፣ መብላት የሚወደው፣ ሃምሳ ሁለት። ጠበቃው፣ ከዳኛ ጋር የሚከራከረው፣ ሃምሳ ሰባት። መንትዮቹ ስልሳ ሁለትና ስልሳ ስምንት። በመጨረሻም ሰባ አምስት ላይ ይቅርታ። ከሰባ አምስት በላይ የሆነው ከባዱ ምድብ ባዶ ነው፤ እንዲህ ያለ ግዙፍ ልጅ የለንም።

ይቅርታ የተባለው ሰው በነካ ቁጥር "ይቅርታ" ስለሚል ነው። ጉልበቱ የጉድ ነው፤ ጠረጴዛ ብቻውን ያነሳል። ግን በሁለት ዓመት አንድም ግጥሚያ አላሸነፈም። ተጋጣሚው "ወይኔ" ካለ ይለቀዋል! የመጀመሪያ ቀንም ጋሼ "ጣለኝ" ሲሉት እጁን ወደ ኋላ አድርጎ "አባቴን የሚያህሉ ሰው? ኧረ ነውር ነው ጋሼ" አለ። ለመኑት፣ ተቆጡት፣ ወፍ የለም። ከቡድኑ ውስጥ መዝገቡ ላይ የሌለው እሱ ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ የእኔን ጥፋት ልናዘዝ። ምግብ አዳራሹ በር ላይ አንድ አሮጌ የቁም ሚዛን አለ። ይህ ሚዛን ግማሽ ኪሎ ይዋሻል። ሃምሳ የሆነውን ሃምሳ ተኩል ይላል። ሃያ ሁለት ዓመት በአጠገቡ ባለፍኩ ቁጥር ጥርሴን እንዳፋጨሁ ነው። ስለዚህ ለጋሼ የጡረታ ስጦታ ምን ልስጥ ብዬ ሳወጣ ሳወርድ፣ ከውድድሩ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ ከቤተ ሙከራ የሚዛን ድንጋዮች ተዋስኩ፣ መፍቻ ያዝኩ፣ በሰንበት ማንም ሳያየኝ አስተካከልኩት። የፀጉር ያህል እንኳ ሳይዛነፍ! የመሰናበቻቸው ዕለት ልነግራቸው ምስጢሬን ዋጥ አድርጌ ተቀመጥኩ። ደስታዬን ብታዩት!

የውድድሩ ጠዋት ከሁለት ሰዓት ጀምሮ በአስተናጋጁ ትምህርት ቤት ትልቅ አዳራሽ ክብደት ይለካ ነበር። ሦስት ሰዓት ላይ ይዘጋል። ሽቦ አለፈ። ቁርስ ዳቦውን እያላመጠ ሚዛኑ ላይ ወጣ። መዛኙ ቁጥሩን አዩና "ሃምሳ ሁለት ከአራት መቶ። አላለፈም" አሉ።

ጋሼ የሰሙትን አላመኑም። "በኛ ሚዛን ስንት ነበርክ?"

"እኮ! ሃምሳ ሁለት ከአራት መቶ።"

"ታዲያ ምን ብለህ ነው ዳቦ የምትበላው አንተ ልጅ?"

"ግማሽ ኪሎ ይቀነሳላ ጋሼ! ሚዛናችን ግማሽ ኪሎ ይጨምር የለ?"

"ማነው የነገረህ?"

ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። "ሁሉም ያውቃል" አለ ጠበቃው። "ድሮ የነበሩት ለኛ ነገሩን፤ እኛም ለሚመጡት እንነግራለን።"

ጋሼ ፊታቸው ቀላ። ለካ ሚዛኑን ያጣመሙት ራሳቸው ኖረዋል! ማንም ልጅ ለክብደት ብሎ እንዳይራብ፣ እንዳይጠማ፣ ግማሽ ኪሎ ትርፍ ኖሮት ቁርሱን በልቶ እንዲመጣ ብለው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲያታልሏቸው፣ ልጆቹም አውቀው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲቀንሱባቸው!

"ቢሆንም" አሉ ጋሼ ግንባራቸውን እያሹ፣ "ቢሆንም ከቀነስክ ሃምሳ አንድ ከዘጠኝ መቶ ነው የምትሆነው። ማለፍ ነበረብህ። ሚዛኑን የነካው ሰው ከሌለ በስተቀር…"

ቆሌዬ ተገፈፈ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር።

"እኔ ነኝ" አልኩ። "አስተካከልኩት። ለስጦታ ብዬ።"

ጋሼ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ቁርስን አዩ። ከዚያ ሳቃቸው አመለጣቸው። "ሰከንዴ፣ በዚህ ሁሉ ዓመት ሚዛናችን አንድ ቀን እውነት ተናገረና ጉድ ሠራን!"

ሳቁ ብዙ አልቆየም፤ ሃያ አምስት ደቂቃ ነው የቀረው። የሌላ ትምህርት ቤት አሰልጣኝ ቀረብ ብለው "ምን ችግር አለው? ፕላስቲክ አልብሰህ ግቢውን አሩጠው፣ አራት መቶ ግራም ላብ ነው" አሏቸው።

"የኔ ልጅ ለሚዛን ብሎ አይነድም" አሉ ጋሼ። "ብንሰረዝም እንሰረዝ።"

እኔ ግን ልሰረዝ አልፈለግኩም! በኔ መፍቻ የመጣ ጣጣ ነው። የደንቡን ወረቀት ከግድግዳው ላይ ነጥቄ አነበብኩ። አንድ ተፋላሚ ከክብደቱ አንድ ምድብ ወደ ላይ ከፍ ብሎ መጋጠም ይችላል ይላል። አንድ ምድብ! እስክሪብቶ አወጣሁ። ቁርስ ወደ ሃምሳ ሰባት። እዚያ ያለው ጠበቃው ወደ ስልሳ ሁለት። ታናሹ መንታ ወደ ስልሳ ስምንት፣ ታላቁ ወደ ሰባ አምስት። ይቅርታ ወደ ባዶው ከባድ ምድብ! ሃምሳ ሁለት ባዶ ይቀራል፣ ከባዱ ይሞላል፣ ድምሩ…

"ስድስት!" ብዬ ጮህኩ። "ጋሼ፣ ስድስት ነን!"

ጋሼ ወረቀቱን ሁለቴ አነበቡት። ከዚያ ልጆቹን አሰለፉ። "ከሽቦ በቀር ሁላችሁም ከናንተ ከሚከብድ ጋር ትገጥማላችሁ። አይ ያለ፣ አይ ነው። ማንም ምንም አይለውም፣ እኔም አልቀየመውም።"

አንድ በአንድ እሺ አሉ። ጠበቃው እንኳ ሳይከራከር እሺ አለ። ይቅርታ ጋ ሲደርሱ ልጁ አዳራሹን አሻግሮ አየ። የከባዱ ምድብ ሻምፒዮን እዚያ ቆሟል፤ አንድ መቶ ሦስት ኪሎ፣ ቁም ሳጥን የሚያህል ልጅ። የኛው ሰባ አንድ ነው።

"ጋሼ" አለ ይቅርታ ቀስ ብሎ፣ "እሱን ብይዘው ይጎዳል እንዴ?"

"እሱን?" አሉ ጋሼ። "እሱን መኪናም አይጎዳው።"

"እንግዲያው እሺ።"

ሦስት ሰዓት ሊሆን አራት ደቂቃ ሲቀረው ስማችን ተመዘገበ። መዛኙ ወረቀቱ ላይ ማኅተማቸውን ሲያሳርፉ ስድስቱን ስም አንድ በአንድ ቆጠርኩ።

ግጥሚያዎቹን ሁሉ ልዘረዝር አልችልም፤ ድምፄ ገና አልተመለሰም። ሽቦ በነጥብ አሸነፈ። ቁርስ ተረታ፤ ግን እስከ መጨረሻው ታገለ። ጠበቃው ተጥሎም "ትከሻዬ አልነካም!" እያለ ነበር። ከመንትዮቹ አንዱ አሸነፈ፣ አንዱ ተሸነፈ። የቀረው አንድ ነው። ደንቡ ግጥሚያው እስከ ውሳኔ ካልተካሄደ አይቆጠርም ይላል፤ አሰልጣኙ ግጥሚያውን ለማስቆም ፎጣ ከጣለ ምድቡ እንዳልተሰለፈ ይያዛል። ያን ጊዜ አምስት እንሆናለን ማለት ነው።

ጋሼ ነጭ ፎጣቸውን በቀኝ እጃቸው ጠቅልለው ያዙ። "ሰከንዴ፣ ልጃችን የሚጎዳ ከሆነ ፎጣውን እጥለዋለሁ። እጄን እንዳትይዥኝ።"

"አልይዝም" አልኩ።

ፊሽካ! ቁም ሳጥኑ መጣ። ይቅርታን አቅፎ አነሳውና መሬት ላይ ዘረጋው። ሁለት ነጥብ። እንደገና አነሳው። አራት ለዜሮ። የመጀመሪያው ዙር ሊያልቅ ሃያ ሰከንድ ሲቀር ሙሉ ክብደቱን ጭኖበት ልጃችን ጠፋ፤ ከሥር አንድ እጅ ብቻ ይታያል። የጋሼ ፎጣ ወደ ላይ ወጣ። ሠላሳ አንድ ዓመት እዚያች ፎጣ ላይ ተንጠልጥሎ አየሁት። እኔም ቃሌን ጠብቄ እጃቸውን አልያዝኩም።

ከሥር ድምፅ መጣ። "ጋሼ፣ ደህና ነኝ! ኧረ አይጣሉት!"

ጋሼ ፎጣውን አፋቸው ውስጥ ጠቅጥቀው ነከሱት።

በሁለተኛው ዙር ቁም ሳጥኑ በአፉ መተንፈስ ጀመረ። ይቅርታ ዝቅ ብሎ ገባ፣ እግሩን ጠመጠመ። "ይቅርታ" ሲል ሰማሁት። ቁም ሳጥኑም፣ ጨዋ ልጅ ነው፣ እያለከለከ "ምንም አይደል" አለው። ይቅርታ ቀና ብሎ አየው። አንድ ነገር ፊቱ ላይ በራ! በሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የማይሰበር ሰው አገኘ። እንደ ጠረጴዛ ገፋው። ቁም ሳጥኑ ሲወድቅ አዳራሹ ተነቃነቀ። አራት ለሁለት! ተነሱ። እንደገና ያው አያያዝ፣ ትከሻ ሆድ ላይ፣ ልክ የመጀመሪያ ቀን ትምህርት። አራት እኩል!

ሰዓቴን አየሁ፤ ዘጠኝ ሰከንድ። ወንበሬ የት እንደገባ አላውቅም። "ግፋው!" እላለሁ፤ እኔ፣ የሒሳብ መምህርቷ! "ግፋው የኔ ጀግና!" ስድስት። አምስት። ይቅርታ ሁለት እጁን ደረቱ ላይ ተክሎ ያንን ተራራ እያንፏቀቀ ወደ ጠርዝ ወሰደው። ሁለት ሰከንድ ሲቀር የቁም ሳጥኑ ተረከዝ ከመስመር ወጣ። አንድ ነጥብ! አምስት ለአራት!

ፊሽካ።

ዳኛው የልጃችንን እጅ ሲያነሱ የኬሚስትሪው መምህር፣ መንትዮቹ፣ ሁላችን ተደበላለቅን። ጋሼ ፎጣውን ከአፋቸው አውጥተው፣ እንባቸው ጉንጫቸው ላይ እየወረደ፣ እጃቸውን ዘርግተው ወደ ፍራሹ ወጡ። ይቅርታ እየሮጠ መጣ። የሚያቅፋቸው መስሏቸዋል፤ እኔም እንደዚያው ነበር የመሰለኝ።

"ጋሼ፣ ይቅርታ!" አለና ዝቅ ብሎ እግራቸውን ጠመጠመ።

በዚያ ሁሉ ሰው ፊት! እጁን ከጀርባቸው ሥር አስገብቶ እንደ ሕፃን ደገፍ አድርጎ አስተኛቸው፤ ግን ጣላቸው። ሁለቱም ትከሻቸው ፍራሹን ነካ። ሮጥኩ፣ በደረቴ ተኛሁ፣ ፍራሹን በመዳፌ መታሁት። ጋሼ ጣሪያውን እያዩ ይስቃሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ይስቃሉ።

"ስንት ፈጀበት ሰከንዴ?"

"አራት ሰከንድ" አልኩ። "ከሁለት ዓመት ጋር።"

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ መዝገቡን ጉልበቴ ላይ ዘረጉልኝና እስክሪብቶ ሰጡኝ። ጻፍኩ። ተራ ቁጥር አራት መቶ አሥራ ሁለት። የተዋሰው፦ ጀርባቸውን። የተዋሰበት፦ ዛሬ፣ ስምንት ሰዓት ከአሥራ ሁለት። የመለሰበት፦ ዛሬ፣ ስምንት ሰዓት ከአሥር።

"ሳይዋስ መለሰ እኮ ጋሼ" አልኩ። "ይህ ልክ አይመጣም።"

"ይሁን፣ እንዳለ ተይው" አሉኝ። ራሳቸውን መስኮቱ ላይ አስደግፈው እስክንደርስ ተኙ።

ሰኞ ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ ትምህርት ቤት ገባሁ። ከቤተ ሙከራ የሚዛን ድንጋዮቹን በድጋሚ ተዋስኩ፣ መፍቻዬን አወጣሁ፣ ምግብ አዳራሹ በር ላይ ተንበረከኩ። ለሚመጡት ልጆች ግማሽ ኪሎዋን መለስኩላቸው፤ አንድ ግራም ሳላጎድል።